ጋሼን የጠበቅኩበት ጠዋት

ቢሯችን ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ባህር ላይ ያለችው የቁፋሮ መርከብ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ከቁጥሩ በታች ደግሞ ማንኛውም ሠራተኛ፣ አለቃ ሳያስፈቅድ፣ ደውሎ ቁፋሮውን ማስቆም ይችላል ይላል። ማንኛውም ነው ያለው። ቆሻሻ የምታወጣው ሴትዮም ብትሆን መብቷ ነው። በየቀኑ በፊቱ ስለማልፍ ወረቀቱን ማየት ትቼው ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን እፊቱ ቆሜ ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ መልሼዋለሁ። ስለዚያ ጠዋት ለማንም አውርቼ አላውቅም። አሁን ግን ሆዴ አልችል አለኝ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። የንፋስ መብራት ኩባንያዎች ከሜሪላንድ ወጣ ብሎ ባህር ላይ ትልልቅ ምሰሶ ሊተክሉ ተነስተው ነበር። ታዲያ ዘው ብሎ መትከል የለም፤ መጀመሪያ ወለሉ ይታያል። ከታች የድሮ መርከብ ተኝታ ሊሆን ይችላል። የሞቱባት ሰዎች መቃብር ናት፣ ታሪክም ናት፣ ሕግም ይጠብቃታል። ስለዚህ አንዲት የጥናት መርከብ ሶናር የሚሉትን በድምፅ የሚያይ መሣሪያ እየጎተተች፣ ማሳ እንደሚያርስ ገበሬ ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች። እያንዳንዱ ምልልስ አንድ መስመር ይባላል። ምስሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቢሯችን ይመጣል፣ እኛ ቁጭ ብለን እናነበዋለን። አጠራጣሪ ነገር ካየን በዙሪያው ክብ እናሰምራለን። ክቡ ውስጥ ማንም አይቆፍርም፣ ገመድ አያሳልፍም፣ መልህቅ አይጥልም። ክብ ያልተሰመረበት ቦታ ግን ለመሰርሰሪያው ክፍት ነው።

የቢሮው ትልቁ ሕግ ደግሞ ይሄ ነው፦ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ሰው ለየብቻው ያነበዋል። አንዱ የሌላውን ሳያይ። ከዚያ ይመሳከራል፣ ሁለታችንም የስማችንን የመጀመሪያ ፊደላት እናኖራለን።

ደብረ ብርሃን ተወልዳ ባህር የምታነብ እያሉ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈሬ ያሉት ጎረቤቶቼ ይቀልዱብኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ባህር በዓይኔ ያየሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፣ እሱም ከሩቅ። እዚህ ሥራ ያስገቡኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ምፅዋ ላይ የባህር ኃይል መኮንን ነበሩ። እዚህ አገር መጥተው አዳምስ ሞርጋን የሰው መኪና ፓርክ እያደረጉ ሠሩ፣ ከዚያ ታክሲ ያዙ። አንድ ቀን ታክሲያቸው ውስጥ የገባች ሴት በስልክ ስለ አንድ የሰመጠ መርከብ ስታወራ ሰምተው፣ አላስችል ብሏቸው፣ “ይቅርታ፣ በዚያ ጥልቀት መልህቁ እንዲያ አይወድቅም” ይሏታል። ሴትየዋ የባህር ውስጥ ቅርስ አጥኚ ነበረች። ካርዷን ሰጥታቸው ወረደች፤ በወሩ ጋሼ ታክሲውን መለሱ። ያቺ ሴት ናት በኋላ የሁለታችንም አለቃ የሆነችው።

እኔን ከቤተ ክርስቲያን ነው የሚያውቁኝ። ኮሌጅ የካርታ ሥራ ተምሬ፣ ሥራ አጥቼ፣ የፓርኪንግ ካሸር ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ወረቀቴን በእጃቸው ይዘው ሄደው ለአለቃዋ ሰጧት። “ልጄ ናት” አሏት። ልጃቸው አይደለሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሆንኩ። የሶናርን ጥላ ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ድምፁ ከፍ ካለ ነገር ጋር ሲጋጭ ከኋላው ጥላ ይጥላል። “ዕቃውን አትዪ፣ ጥላውን እዪ። ዕቃ ይዋሻል፣ ጥላ አይዋሽም” ይሉኝ ነበር።

ዓይናቸው እየከዳቸው መሆኑን ያወቅኩት በሻይ ነው። ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ቀዱት፣ ቀድተውም አላወቁም። እኔ ቶሎ ብዬ በሶፍት ጠራረግኩና ሌላ ነገር አወራሁ። በዚያው ሳምንት ሕፃን ልጅ የሚያየው አንድ ትልቅ መልህቅ አለፋቸው። ለአለቃዋ መንገር ነበረብኝ። እኔ ግን ማልጄ መምጣት ጀመርኩ። የሁለታችንንም መስመሮች ቀድሜ አነብና፣ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ባለው ዝርዝር ጎን በእርሳስ፣ ጎላ አድርጌ፣ “ግራ፣ መሃል” ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። መጥተው ይቀመጣሉ፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጋሉ፣ “አሃ” ይላሉ፣ ያስገባሉ።

እንዲህ ሆነን ዓመት ሞላን፤ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወራንም። እሳቸው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። የአባት ገመና ይሸፈናል እንጂ ይወራል እንዴ? ባለቤታቸው እንደነገረችኝ የዓይን ግፊት ነው፤ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዘዋል፣ በሥራው ኢንሹራንስ። አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነው የቀረው። እስከዚያ እይዛቸዋለሁ አልኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። በወረቀት ላይ ሁለት አንባቢዎች ነን፤ በእውነቱ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያነበው። ያን የሚያውቅ ከሁለታችን በስተቀር ማንም የለም።

ከዚያ አክስቴ በርክ በምትባለው ከተማ አረፈች። አክስቴ ነው የምላት እንጂ የእናቴ የአጎት ልጅ ናት፤ ወደዚህ አገር ያመጣችኝ፣ ሁለት ዓመት ቤቷ ያኖረችኝ። የቢሮው ወረቀት ደግሞ ለእናት፣ ለአባት፣ ለባል፣ ለልጅ፣ ለእህትና ለወንድም ብቻ ነው የሐዘን ፈቃድ የሚሰጠው። የእናት የአጎት ልጅ የሚል ሣጥን የለውም። የዓመት ፈቃዴንም ጨርሼ ነበር። አለቃችን ያን ሳምንት ጉዞ ላይ ስለነበረች ለጋሼ ብቻ ደወልኩላቸው። “ሂጂ፣ ለቅሶ አይቀርም። እዚህ ያለውን እኔ አያለሁ” አሉኝ። እያለቀስኩ ስለነበር “እኔ አያለሁ” የሚለው ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩበትም።

ከሐሙስ እስከ ሰኞ በርክ ተቀመጥኩ። ቀብሩ፣ ሰልስቱ፣ ከየቦታው የሚመጣው ለቀስተኛ፣ ሳህኑ፣ ወንበሩ። ስልኬ ከካፖርቱ ክምር ሥር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሰኞ አመሻሽ ላይ ሳወጣው ጋሼ ዓርብ ሁለት ጊዜ ኮል አድርገውኛል። መልእክት አልተዉም። ነገ ቢሮ አገኛቸዋለሁ ብዬ መልሼ ሳልደውል ቀረሁ።

ማክሰኞ ከላንድማርክ ወጥቼ፣ ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ እንደ ወትሮው በመኪና ጭንቅንቅ ቆሜ፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቢሮ ደረስኩ። ቢሮው ባዶ ነው። አለቃችን ከጉዞ ብትመለስም ጠዋቱን ዲሲ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስብሰባ አላት፤ እዚያ ስልክ በር ላይ ነው የሚቀመጠው። ሰሌዳው ላይ የዕለቱ ፕሮግራም ተጽፏል፦ የመጀመሪያው ቁፋሮ፣ አራት ሰዓት፣ ሠላሳ አንደኛው መስመር። ዓርብ ለት በችኮላ ሦስት መስመር እንዲነበብ ተጠይቆ ኖሯል፣ ሠላሳ አንደኛው አንዱ ነው። ተነቦ፣ “ምንም የለም” ተብሎ፣ ወጥቷል።

ፋይሉን ስከፍተው የጋሼ ፊደላት አሉ። ከጎናቸው የእኔም አሉ።

ፊደሎቹ የእኔ ናቸው፣ የጻፏቸው ግን ጋሼ ናቸው። ለምን እንዳደረጉት ወዲያው ገባኝ፦ ሳላስፈቅድ መቅረቴ እንዳይታወቅ ነው። የለቀስተኛ ሥራ ይሸፈናል፣ አገራችን ጎረቤት እንኳ ያርስልሃል። ምን ዓይነት ደግ ሰው ናቸው አልኩ። ደግነቱ ላይ እንዳለሁ፣ እንዲያው ለአመል ያህል፣ መስመሩን ከፈትኩት።

ምስሉ ሁልጊዜ ቡናማ ነው፣ ወፍራም ሽሮ የመሰለ። እስከ ግማሹ ድረስ አሸዋ ብቻ ነው። ከዚያ አሸዋው ተከፈለ። ጥላው ነው ቀድሞ የታየኝ፦ አጫጭር፣ እኩል እኩል የተራራቁ፣ በሁለት ጎን የተሰለፉ ጥላዎች። ድንጋይ እኩል አይሰለፍም። የጎድን አጥንት ነው፣ የእንጨት መርከብ ጎድን። በመሃሉ መርከብ እንዳይገለበጥ ከሥሩ የሚጫኑ የክብደት ድንጋዮች ክምር፣ በአንደኛው ጫፍ ሾጠጥ የሚል። ሙሉ መርከብ አሸዋ ውስጥ ግማሽ ጎኗ ተቀብሮ ተኝታለች። በዕድሜዬ ሙሉ ካየኋቸው ሁሉ እሷን የምታህል አላየሁም። የቁፋሮዋን ነጥብ አስገባሁ። ቀይዋ ነጥብ ሄዳ ጎድኑ ላይ አረፈች።

ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አራት ሰዓት ሊሆን አንድ ሰዓት ተኩል ይቀራል።

ቀጥሎ ያደረግኩት ነገር ዛሬም ያበሽቀኛል። ለቁፋሮው መርከብ አልደወልኩም። ለጋሼ ደወልኩ። አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ። ያኔ ትዝ አለኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አላቸው፤ ጠብታ ሲያደርጉላቸው የስልኩን ፊት እንኳ አያዩም።

ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ስልኩን አነሳሁ። ማስቆም ቀላል ነው፣ ማንም ይችላል፤ ግን ሦስት ነገር ይጠይቁሻል፣ ይቀዳልም። ስም። ምክንያት። መስመሩን ያነበበው ማን ነው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ምን እላለሁ? አንዱ ማየት የማይችል ሰው ነው፣ ሌላዋ በርክ ለቅሶ ተቀምጣ ነበር፣ እላለሁ? እሳቸው ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው እያለ እኔ ከጀርባቸው ሥራቸውን፣ ኢንሹራንሳቸውን፣ ዓይናቸውን ላሳጣ? ሳይሰሙ? ነውር ነው። መለስኩት።

ለራሴም ፈርቼ ነበር፣ ልዋሽ አልፈልግም። ፊደሉ የእኔ ነው። ዓመት ሙሉ የቢሮውን ሕግ የጣስኩትም እኔ ነኝ። ግን በዚያች ሰዓት ፍርሃቴን አክብሮት ብዬ ነበር የጠራሁት። ጋሼ ይምጡና ይወስኑ አልኩ። ለታላቅ ነገር ታላቅ ሰው ይጠበቃል አልኩ። ያደግኩት እንዲያ ነው።

ወረድኩና ከሕንፃው ሥር ባስ ማቆሚያው ላይ ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ባስ መጣ፣ ጋሼ የሉበትም። አንዲት ነርስ ወርዳ ምነው ደህና ነሽ ወይ በሚል ዓይን አየችኝ። አንድ መላ መጣልኝ፦ ለመርከቡ ደውዬ ከሥር ድንጋይ ስላለ ነጥቡን ትንሽ አሽሹት ልበል። ማንም ሰው አይጋለጥም፣ መርከቧም ለዛሬ ትተርፋለች። ለዛሬ። ክብ ግን አይኖራትም። ነገ ገመድ የሚቀብረው መጥቶ ለሁለት ይሰነጥቃታል፣ መርከብ መሆኗን ሳያውቅ። ደግሞ ወደ ላይ ሮጥኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ስልኩን አነሳሁ፣ ቁጥሩን መታሁ፣ አንድ ጊዜ ጠራ። ዘጋሁት። እመቤቴ ድረሽልኝ አልኩ፤ እመቤቴ ደግሞ ስልኩን ከእጄ አላስጣለችኝም፣ እኔው ነኝ ያስቀመጥኩት።

ሦስት ከአርባ ሲሆን በሩ ተከፈተ። ሐኪም ቤት የሚሰጡትን ጥቁር የላስቲክ መነጽር አድርገዋል፤ በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ነው የገቡት። ሰላምታም ሳልሰጥ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት፦ ሠላሳ አንድ ላይ መርከብ አለች፣ ሙሉ መርከብ፣ ነጥቡ ጎኗ ላይ ነው፣ አራት ሰዓት ሊቆፍሩ ነው።

ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። ምን ይሻላል ይሉኛል ብዬ ነበር። አልደነገጡም። ድምፃቸው ግን ተለወጠ፣ እኔ የማላውቀው የመኮንን ድምፅ ሆነ።

“ስንት ሰዓት ነው ያየሻት?”

“ሁለት ተኩል።”

“አሁንስ?”

“ሦስት ከአርባ።”

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ለምን እንዳወለቁት አላውቅም፣ አያዩኝም። “ምን ስታደርጊ ቆየሽ?”

“እርስዎን ስጠብቅ።”

ወደ ግድግዳው ሄደው ስልኩን በመዳፋቸው ፈልገው አነሱ። “ቁጥሩ አይታየኝም፣ ምቺልኝ” አሉኝ። መታሁላቸው። መርከቡ ላይ ያለው ሰው ሲያነሳ ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ። ምክንያቱን ተናገሩ። ያነበበው ማን ነው ሲባሉ፣ አንድም ሳይንተባተቡ፣ “እኔ ነኝ ያነበብኩት፣ ዓይኔ አያይም። ሁለተኛውን ፊርማም የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አላየችውም” አሉ። ዓመት ሙሉ ጎንበስ ቀና ብዬ የሸፈንኩትን ገመና እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር አወጡት።

ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር የሰውየውን መልስ ሰማሁት። ባህሩ ረጋ ስላለላቸው ቀድመው ጀምረዋል። ሦስት ሰዓት ላይ። ከባህሩ ወለል ናሙና የሚቆርጠው የመጀመሪያው ቱቦ ወጥቶ መርከቡ ላይ ተኝቷል፤ ሁለተኛውን ሊያወርዱ እየተዘጋጁ ነው። አሁን እናቆማለን አለ።

ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ባስ ማቆሚያ ቆሜ ነበር። ሁለት ተኩል ላይ ብደውል ኖሮ መሰርሰሪያው ውሃ አይነካም ነበር። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጋሼ ስልኩን ከሰቀሉ በኋላ ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ። “ዓርብ ደውዬልሽ ነበር” አሉ። “መስመሩን እንድታይልኝ። ለቀስተኛ አይረበሽም ብዬ ሦስተኛ አልደወልኩም። ያ የእኔ ጥፋት ነው።” ከዚያ ቀስ ብለው፣ “አሁን ትመጣለች። ስለ ዓይኔ ታውቂ ነበር ወይ ብላ ትጠይቅሻለች። አላውቅም በይ” አሉኝ።

“ጋሼ፣ እንዴት ብዬ…”

“ሁለታችንም ከወጣን የመርከቧን ክብ ማን ያሰምራል? አላውቅም በይ።”

አለቃችን ሰባት ሰዓት ላይ መጣች። ቀድመው ገቡ። በመስታወቱ በኩል ጀርባቸው ይታየኛል፣ ቀጥ ብሏል፣ ተቀመጡ ስትላቸው አልተቀመጡም። ሲወጡ ኮታቸውን ከመስቀያው አንስተው በአጠገቤ አለፉ፣ ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ሄዱ። ቀጥሎ እኔ ገባሁ። መቅረቴን ተቆጣችኝ፣ የሁለት ሳምንት ደመወዝ አልባ ቅጣት እንደምትጽፍ ነገረችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዓይናቸው እንደማያይ ታውቂ ነበር ወይ አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። አመነችኝ አላመነችኝ ዛሬም አላውቅም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እሷ ለብቻዋ፣ እኔ ለብቻዬ፣ እንደ ሕጉ፣ ሠላሳ አንደኛውን አነበብን፤ አመሳከርን፣ ክቡን አሰመርኩ። ሰፊ አድርጌ ነው ያሰመርኩት። ምሰሶው ተዛወረ፣ ገመዱም ዞሮ እንዲያልፍ ካርታው ላይ ተለወጠ። ቅጣቴን ጨርሼ ስመለስ የጋሼ ጠረጴዛ ላይ ፕሪንተር ተቀምጦ አገኘሁ።

ኢንሹራንሳቸው በወሩ መጨረሻ አለቀ። ኦፕራሲዮኑ የተቀጠረው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነበር። ሌላ መድን እስኪገኝ፣ ፎርሙ እስኪሞላ፣ ተመልሶ እስኪመጣ፣ ወራት ሄዱ። ግራ ዓይናቸው ትንሽ ተረፈ። ቀኙ አልጠበቃቸውም። በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሄድ ነበር። ፎርሙን እኔ ነኝ የምሞላላቸው፣ በቀን ሦስቴ የሚደረገውን ጠብታ ክዳኑ ላይ በትልቁ ቁጥር የጻፍኩላቸውም እኔ ነኝ። ባለቤታቸው ታመሰግነኛለች። ስታመሰግነኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እል ነበር።

ያ የመጀመሪያው ቱቦ ከባህር ተመልሶ ቢሯችን የመጣው በክረምቱ ማለቂያ ነው። ለሁለት ተሰንጥቆ ረጅም ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ግራጫ ጭቃ፣ አሸዋ፣ ከዚያ መሃሉ ላይ ጥቁር እንጨት፣ ስንዝር የምታክል። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለችም። ቱቦውን ቆማ ካየችው በኋላ፣ ሊያዩት ከፈለጉ ጥሪያቸው አለችኝ። ሊያዩት፣ ነው ያለችው፤ ወዲያው ደነገጠች።

አመጣኋቸው። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ሣጥኑ አቀረብኳቸው፣ ጓንት አጠለቅኩላቸው። ጣታቸው በጭቃው ላይ ቀስ እያለ ሄደ፣ እንጨቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። መላልሰው ዳሰሱት። መሃሉ ላይ ክብ የሆነች ነገር አገኙ፣ ከእንጨቱ ጋር እኩል የተላገች። “ይሄ ሚስማር አይደለም፣ ከእንጨት የተጠረበ ችንካር ነው” አሉ። “ሰው ቁጭ ብሎ በቢላ የጠረበው ነው።” የመሰርሰሪያው አፍ የቆረጠበትን ጠርዝም አገኙት። እዚያ ላይ እጃቸው ብዙ ቆየ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍ እንደሚባለው፣ “ነፍስ ይማር” አሉ።

አለቃችን ምን አሉ አለችኝ። ነገርኳት። አንገቷን ደፋች።

ባስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኋቸው፤ ያው፣ ያን ጠዋት የቆምኩበት ማቆሚያ ነው። ተቀመጥን። ወራት ሙሉ የያዘኝ ነገር ፈነዳ፣ ሰው ይየኝ አይየኝ ሳልል አለቀስኩ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ዓይንዎን አጠፋሁት፣ አላውቅም ብዬ ዋሸሁ፣ ሁሉንም እርስዎ ተሸክመው እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

“ውሸቱን እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ፣ እሱ የእኔ ነው” አሉ። “ዓይኔም የዕድሜ ነገር ነው። እኔን መጠበቅሽ ግን አስቀይሞኛል፣ አልዋሽሽም። ብዙ ጊዜ አስቤ ምክንያቱን አጣሁት። ማየት እንደማልችል ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ምን እንዳደርግልሽ ነው የጠበቅሽኝ?”

ብዙ መልስ አፌ ላይ መጣ። እውነቱ አንድ ብቻ ነበር።

“ፈቃድዎን” አልኳቸው።

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ ንዴት አልነበረበትም፣ ድካም ነበረበት። “ፈቃዱ እኮ ግድግዳው ላይ ተለጥፎልሻል፣ ልጄ” አሉኝ።

ባስ ሲመጣ ድምፁን ሰምተው ተነሱ፣ የእሳቸው መሆን አለመሆኑን ግን አያውቁም። ቁጥሩን አነበብኩላቸውና ክንዳቸውን ይዤ አሳፈርኳቸው።